መብራቱ ለማን ነው የበራው?

ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ አዳዲስ ጎዳናዎች በአንዱ የሚሄድ ሰው፣ ወደ ቤቱ በሚያስገባው ቅያስ ታጥፎ ጥቂት እንደተራመደ ምንም አይታየውም። የኮብሉን ድንጋይ በእግሩ ይዳስሳል፤ ቱቦው ክዳን ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ብዙዎቻችን ይህን ስናይ «ቅያሱም መብራት ያስፈልገዋል» ብለን እናልፋለን። እውነት ነው፣ ያስፈልገዋል። ግን ቅያሱ ጎዳናው ከመሠራቱ በፊትም ጨለማ ነበር፤ ያኔ ሰዉ በጨረቃም በጎረቤት መስኮት ጭላንጭልም ይሄድበት ነበር። አሁን የባሰበት ጎዳናው ስለበራ ነው።

ምክንያቱ ዓይናችን ውስጥ ነው። በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። አንደኞቹ ለቀን ናቸው፤ ቀለም የምንለየው፣ ጽሑፍ የምናነበው በእነሱ ነው። ሁለተኞቹ ለጨለማ የተሠሩ ናቸው። ቀለም አይለዩም፣ ግን እጅግ ደካማ ብርሃን ይበቃቸዋል። እነዚህ የጨለማ ሕዋሳት ደማቅ ብርሃን ሲያገኛቸው ሥራ ያቆማሉ፤ ወደ ሙሉ ኃይላቸው ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድባቸዋል። አንድ ፓውዛ በቅጽበት የሚያበላሸውን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የዓይን ሌንስ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ብርሃኑን ይበታትነዋል፤ ስለዚህ ከፊት የሚያበራ መብራት ከወጣቱ ይልቅ ሽማግሌውን ያስቸግራል። አባቶቻችን «ማታ መንዳት አልችልም» ሲሉ ጥፋቱ ሁሉ የዓይናቸው አይደለም፤ የሚመጣው መኪናና የሕንፃው ፓውዛም ድርሻ አላቸው።

ሙሉ ጨረቃ በጠራ ሌሊት ምድር ላይ የምትጥለው ብርሃን ሩብ ሉክስ ቢሆን ነው፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት ነው። የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ትደርሳለች። የሰው ዓይን በሁለቱም ይሠራል፤ ገጠር ያደገ ሰው በጨረቃ ከብት ሲነዳ፣ ሠርግ ሲሄድ ኖሯል። ዓይን የሚቸገረው ሁለቱን ባንድ ጊዜ ተመልከት ሲባል ነው፦ እዚህ እሳት የመሰለ ብርሃን፣ እዚያ ጥቁር ጥላ። ግቢ በር ላይ ወደ መንገዱ አዙረን የምንሰቅለው ፓውዛ የሚፈጥረው ይህንኑ ነው። ባለቤቱ ጥበቃ ያደረገ ይመስለዋል። ከመንገዱ የሚመጣው እግረኛ ግን ከመብራቱ ጀርባ ማን እንደቆመ ማየት አይችልም። ሌባ ብሆን የምመርጠው ቦታ ያ ነበር።

እዚህ ላይ ጉዳዩ የዓይን ብቻ መሆኑ ያበቃል። አንድ ሰው የሚያበራው መብራት በግቢው አጥር አይወሰንም፤ የጎረቤት መኝታ ቤት ይገባል፣ መንገደኛው ፊት ላይ ያርፋል፣ ወደ ሰማይ ይወጣል። ጎረቤታችን ሌሊቱን ሙሉ ሞንታርቦ ቢከፍትብን ለደንብ አስከባሪ እንከሳለን፤ ፓውዛውን መኝታ ቤታችን ላይ ቢያበራ ግን መጋረጃ እናወፍራለን እንጂ ማንም ምንም አይልም። ለምን? ብርሃን በጎ ነገር ነው ብለን ስላደግን ይመስለኛል። በጎም ነው። ነገር ግን ለማን እንደበራ፣ ማን ላይ እንደወደቀ ሳይጠየቅ ብቻውን በጎ ሊባል አይችልም።

ወደ ሰማይ የሚወጣውን እንመልከት። ከአምፖል ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄደው ብርሃን በአየር ውስጥ ካለው ጋዝ፣ አቧራና የውሃ ጠብታ ጋር ይጋጫል፤ ከፊሉም ተመልሶ ወደ እኛ ይወርዳል። ማታ ከሩቅ ሆነው ሲያዩ ከተማ ላይ የተደፋው ደብዛዛ ብርሃን ይህ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ከቢጫውና ከቀዩ የበለጠ በአየር ይበተናል፤ ቀን ሰማዩ ሰማያዊ የሚመስለንም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ መብራት ከቢጫው ይልቅ የሌሊቱን ሰማይ ያደምቀዋል። የኤልኢዲ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ የፈለሰፉት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ (እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ይገባቸዋል፤ ያ ፈጠራ ባይኖር ዛሬ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ አምፖል ገበሬ ቤት ባልገባ፣ ኩራዝም ባልቀረ። ግን ኤልኢዲ ኤሌክትሪክ ቢቆጥብም ከተሞች ቁጠባውን ኪሳቸው አላስገቡትም፤ ተጨማሪ መብራት ገዙበት። ቀድሞ መብራት ያልነበረው የአጥር ጥግ፣ የድልድይ ሥር፣ የዘንባባ ግንድ ሳይቀር በራ። በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎች በየአገራቸው የሚታያቸውን ከዋክብት እየመዘገቡ የላኩትን መረጃ መርምሮ፣ ከ2011 እስከ 2022 የሌሊቱ ሰማይ በአማካይ በየዓመቱ ወደ 10 በመቶ እየደመቀ መሄዱን አገኘ። አጥኚዎቹ ትርጉሙን በልጅ ዕድሜ አስልተውታል፦ ሲወለድ 250 ኮከብ በሚታይበት ቦታ የሚያድግ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው የሚያየው 100 ያህል ይሆናል። ከሰባት ዓመት ቀደም ብሎ በ2016 የወጣው የዓለም የሌሊት ሰማይ ካርታም ከዓለም ሕዝብ ሲሶው ፍኖተ ሐሊብን ከመኖሪያው ማየት እንደማይችል አሳይቶ ነበር።

በጥር 1994 ሎስ አንጀለስን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት ገና አልነጋም ነበር። መብራት ጠፋ፤ ሰዉ ደንግጦ ወደ ደጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ በከተማዋ ወዳለው ግሪፊዝ የተባለ የኮከብ መመልከቻ የደወሉ ሰዎች ነበሩ፤ ሰማዩ ላይ ስላዩት እንግዳ ነገር ሊጠይቁ። ያዩት ከዋክብትን ነበር። እኛ መብራት በፈረቃ የኖርን ሰዎች ይህን ወሬ ስንሰማ ትንሽ ብንስቅ አይፈረድብንም። ግን የእኛም ጉዳይ ተጀምሯል። እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የኮከብ መመልከቻ በ2015 ሲመረቅ፣ የአዲስ አበባ መብራት ከተራራው ሥር ሆኖ እንደሚያውከው ይታወቅ ነበር፤ ከከተማ ብርሃን ርቆ በላሊበላ አካባቢ ሌላ ለመሥራት መታሰቡም በዚያው ጊዜ ተነግሯል።

ሰማዩ የሰው ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች ከአገር አገር የሚሰደዱት በሌሊት ነው፤ አቅጣጫቸውን ከሚያገኙባቸው ነገሮች አንዱም ከዋክብት ናቸው። ኢትዮጵያ ራሷ ስምጥ ሸለቆን ተከትሎ የሚያልፈው ትልቅ የወፎች የፍልሰት መስመር ላይ ናት። ብርሃን እንዴት እንደሚያስታቸው በደንብ የታየው ኒው ዮርክ ነው። በመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ ሁለት ግዙፍ የብርሃን ዓምዶች በየዓመቱ አንድ ሌሊት ወደ ሰማይ ይበራሉ። ተመራማሪዎች በራዳር የሰባት ዓመታቱን ሌሊቶች ቢያጠኑ 1.1 ሚሊዮን ያህል ወፎች በብርሃኑ ተስበው መንገዳቸው መዛባቱን አገኙ፤ ዓምዶቹን እየዞሩ፣ እየጮሁ፣ እየደከሙ። መብራቱ ሲጠፋ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ተበትነው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ አሁን በዚያ ሌሊት ወፍ የሚቆጥሩ ሰዎች ይመደባሉ፤ ቁጥሩ 1,000 ሲያልፍ መብራቱ 20 ደቂቃ ያህል ጠፍቶ ይቆያል። ሐዘኑም መታሰቢያውም አልተጓደለም። ከሌሎቹ ምሳሌዎች ሁሉ ይህን የምወደው ለዚህ ነው፤ ከባድ የሚመስለው ጥያቄ መፍትሔው ማብሪያና ማጥፊያ ላይ ጣት ማሳረፍ ሆኖ መገኘቱ።

ሌሊትን ከሌላ ፍጡር ጋር ተካፍሎ ስለመኖር ከተነሣ ሐረርን አለማንሣት አይቻልም። የጀጎል ግንብ ከበሮቹ ሌላ ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጅቦች ሌሊት በእነሱ እየገቡ የተጣለ ሥጋና አጥንት ለቅመው ይወጣሉ። ቀን የሰው፣ ሌሊት ደግሞ የጅብም የሆነ ከተማ ነው። ይህን የሠሩት ሰዎች የሌሊት ሥነ ምህዳር የሚባል ትምህርት አልተማሩም።

ወደ ሰው እንመለስ። በዓይናችን ውስጥ ለማየት የማያገለግሉ፣ ብርሃንን ግን የሚለኩ ሌሎች ሕዋሳት እንዳሉ የተረጋገጠው በ2002 ገደማ ነው። ሥራቸው ቀን ይሁን ሌሊት ለአንጎል መንገር ነው፤ በተለይ ሰማያዊ ብርሃን ይቀሰቅሳቸዋል። እነሱ «ቀን ነው» ሲሉ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ከተሞች ለመንገድ መብራት፣ በብርሃን ቀለም መለኪያ ከ3,000 ኬልቪን ያልበለጠ፣ ማለትም ወደ ቢጫ ያደላ ብርሃን እንዲጠቀሙ የመከረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ግን ደኅንነትስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አንድ አይደለም። በ2016 ኒው ዮርክ ውስጥ 40 ያህል የመንግሥት የመኖሪያ መንደሮች በዕጣ ተመርጠው ተጨማሪ መብራት ተተከለላቸው። በእነዚህ መንደሮች ከቤት ውጭ ሌሊት የሚፈጸም ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ቀነሰ። ትልቅ ቁጥር ነው። በሌላ በኩል በእንግሊዝና በዌልስ 62 የአካባቢ መስተዳድሮች ወጪ ለመቀነስ መብራታቸውን ሲያደበዝዙ ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲያጠፉ፣ በ2015 የወጣው ጥናት የመኪና አደጋም ሆነ ወንጀል ለመጨመሩ ማስረጃ አላገኘም። ሁለቱ አይጋጩም። ሰው በሚመላለስበት፣ ሰው ሰውን በሚያይበት ቦታ መብራት ይጠብቃል። ማንም በማያልፍበት ሰዓት ባዶ መንገድ ላይ የሚበራው ግን የሚጠብቀው ሰው የለም።

የኒው ዮርኩ ጉዳይ ሌላም ገጽታ አለው። ያን የመሰለ መብራት በከተማዋ የድሆች መንደሮች ውስጥ ቀድሞም ነበር፤ ከ2014 ጀምሮ ፖሊስ ኃይለኛ ፓውዛዎችን ግቢያቸው ውስጥ ያቆም ነበር፣ ነዋሪዎቹም እንደ እስር ቤት ሌሊቱን ሙሉ እንደሚበራባቸው ያማርሩ ነበር። ብርሃንና ቁጥጥር አብረው የኖሩ ናቸው። እዚያው ኒው ዮርክ በ1713 በወጣ ሕግ፣ ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ወይም ቀይ ሕንድ ባሪያ ከመሸ በኋላ ብቻውን መንገድ ላይ ከታየ የበራ ፋኖስ ይዞ መገኘት ነበረበት። ፋኖሱ ለእሱ እንዲያይበት አልነበረም፤ እሱ እንዲታይ ነበር። ፓሪስ በ1667 በየመንገዱ ፋኖስ ስትሰቅል ሥራውን የመራው የፖሊሱ ሹም ደ ላ ሬኒ ነበር፤ በ1830 አብዮት ጊዜ ሕዝቡ ፋኖሶቹን እየሰባበረ የሄደውም የማን ዓይን እንደሆኑ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ አንድ ሰፈር በመብራት ሲጥለቀለቅ መጠየቅ ያለበት የሰፈሩ ሰው ራሱ ነው፦ ማየት የፈለጋችሁት ምን ነበር? የቱ ጥግ ነው የሚያስፈራችሁ?

የእኛን ከተማ ሴቶች ብትጠይቁ መልሱ ግልጽ ይመስለኛል። ከታክሲ ማውረጃው እስከ ቤት በር ያለው ቅያስ። ከልብስ ስፌት ፋብሪካ በምሽት ፈረቃ የምትወጣው፣ ለኪዳን ጎሕ ሳይቀድ የምትነሣው፣ ከሱቅ ዘግታ የምትመለሰው የሚያስፈልጋት በዚያ ላይ እኩል እየተዘረጋ የሚሄድ መጠነኛ ብርሃን ነው። የሕንፃ ግንባር ቀለሙን እየቀያየረ ቢያበራላት ምን ይጠቅማታል? የአዲስ አበባው ኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድ ሲሠራ መብራት አብሮ መትከሉ መልካም ሥራ ነው፤ ምሽት ላይ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ይላል። ከመብራት ምሰሶ ሥር በቆሎ የምትጠብሰውም፣ ደብተሩን ይዞ የሚያነበው ተማሪም የከተማው ብርሃን እውነተኛ ተጠቃሚዎች ናቸው። ከዚህ ተነሥቼ የማልስማማው በሕንፃዎቹ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ዘበኛና ውሻ ብቻ ነቅተው ባሉበት፣ አሥራ ምናምን ፎቅ መስታወት ከታች እስከ ላይ እንዲያበራ የሚያደርግ ምክንያት አይታየኝም። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ገደማው እስካሁን ኤሌክትሪክ አላገኘም።

መንገድ መብራት ላይ ብቻ ማተኮርም ያሳስታል። የአሪዞናዋ ቱሳን ከተማ በ2019 የመንገድ መብራቶቿን ለጥቂት ሌሊቶች ከፍና ዝቅ ስታደርግ በሳተላይት ተለካች። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከከተማዋ ወደ ሰማይ ከሚወጣው ብርሃን የመንገድ መብራቱ ድርሻ 13 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቀሪው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የሱቅ፣ የሕንፃና የግቢ መብራት ነው። ፈረንሳይ ይህን ቀድማ የገባት ትመስላለች፤ ከሐምሌ 2013 ጀምሮ የሱቅ መስኮት መብራት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እንዲጠፋ፣ የቢሮ መብራት ደግሞ የመጨረሻው ሠራተኛ ከወጣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲጠፋ የሚያዝ ደንብ አላት። እዚያው አሪዞና ያለችው ፍላግስታፍም በ1958 ለማስታወቂያ ወደ ሰማይ የሚበሩ መብራቶችን ከልክላ፣ በ2001 በዓለም የመጀመሪያዋ የጨለማ ሰማይ ከተማ ተብላለች። ፍላግስታፍ የጨለመች ከተማ አይደለችም። ሆቴል አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ መንገዷም ይበራል፤ አምፖሎቿ ግን ወደ መሬት የሚያዩና ቢጫ ናቸው።

ስለ ውበትም ማውራት ይገባል። ጃፓናዊው ጁንኢቺሮ ታኒዛኪ በ1933 ስለ ጥላ በጻፈው ድርሰት፣ የአገሩ የወርቅ ቅብ ዕቃ በሻማ ብርሃን እንዲታይ የተሠራ በመሆኑ በኤሌክትሪክ ሥር ሲቀመጥ መልኩን ያጣል ብሎ ነበር። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ጃፓን መሄድ አያስፈልገውም። ማኅሌት የቆመበትን ሌሊት ያስበው። ጧፉ ሲንቀሳቀስ የካህኑ ወርቀ ዘቦ አንዴ ይነዳል አንዴ ይከስማል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ፊቱ ብቻ ብቅ ይላል፤ ጸናጽሉ ከየት እንደሚመጣ ሳይታይ ይሰማል። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ያነጹ ሰዎች መስኮቶቹን ያሳነሷቸው ብርሃን ጠልተው አይመስለኝም። ትንሹን ብርሃን ከትልቅ ጨለማ ጋር ሲያገናኙት ምን እንደሚሆን ያውቁ ነበር። ዛሬ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ላይ የሚርገበገቡት አረንጓዴና ቀይ የኤልኢዲ ገመዶች ያንን ሌሊት ምን እንዳደረጉት ለማየት አንድ ዋዜማ መገኘት ይበቃል። የቡሄ ችቦ የሚያምረው በመሸ ሰፈር ውስጥ ነው። ፓውዛ ሥር የተለኮሰ ችቦ ጭስ ብቻ ነው።

በበኩላችን ማድረግ የምንችለው ቀላል ነው፤ ከመንግሥት ደንብ መጠበቅም አያሻም። የግቢ በር መብራት ከላይ ቆብ ያለው ሆኖ ወደ መሬት ይመልከት፤ ቆመው ሲያዩት አምፖሉ ራሱ ዓይን ውስጥ ከገባ አቅጣጫው ተሳስቷል። ለመጠነኛ የግቢ በር ዘጠኝና አሥር ዋት የሆነ ኤልኢዲ ከበቂ በላይ ነው፤ 50 ዋት ፓውዛ የኳስ ሜዳ ዕቃ ነው። ሰው ሲመጣ ብቻ የሚበራ ሴንሰር ያለው አምፖል ገበያ ላይ አለ፤ ዘበኛውም ቢሆን በድንገት የሚበራ መብራት ይበልጥ ያነቃዋል። ሱቅ ሄዳችሁ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የኬልቪን ቁጥሩን ፈልጉ። 6,500 የሚለው ሰማያዊ ያዘለ የሆስፒታል ነጭ ነው፤ ባለሱቁ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርብላችሁም እሱን ነው። 2,700 ወይም 3,000 የሚለውን ጠይቁ፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ፈልጎ ያመጣላችኋል።